ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ሰፈር ሲመርጡ፦ ከእቴጌ ጣይቱ እስከ እኛ

ለጥቂት ሳምንታት የጠፋነው ቤት ፍለጋ ላይ ስለነበርን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው ለምን ጠፋህ ተብሎ አይወቀስምና እናንተም እንደማትቀየሙን እናውቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ባልና ሚስት ነን። ልጅ የለንም፤ እንዲኖረንም አላሰብንም። ለምን የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየውና ዛሬ የምናወራው ይህ ውሳኔ ቤት ፍለጋ ላይ ስለሚያመጣው ጣጣ ነው። ደላላው ስልኩን ሲያነሳ «ስንት ናችሁ?» ይላል። «ሁለት።» «ልጅስ?» «የለንም።» «በጣም አሪፍ!» አከራይ ልጅ የሌለው ተከራይ ይወዳል። ግድግዳ አይሞነጫጨርም፣ ሮቶው ቶሎ አይደርቅም፣ ግቢ ውስጥ ኳስ አይነጥርም። እናላችሁ በር ላይ የሚጠብቀን አቀባበል የሙሽራ ነው።

በገባን በሳምንቱ ደግሞ ጎረቤት ቡና ይጠራናል። አቦሉ ሳይቀዳ ጥያቄው ይመጣል። «ልጆቹን የት ትታችኋቸው ነው?» «የሉንም።» ዝምታ። ከዚያ «አይዟችሁ፣ እሱ በጊዜው ይሰጣል።» ከዚያ የጠበል ጥቆማ። በረካው ሲደርስ የታዘነልን ሰዎች ሆነን ቁጭ ብለናል። ከዚያ በኋላ ጥሪው እየሳሳ ይሄዳል። ማንም አልጠላንም፤ ወሬው ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ሰርቪስ መኪና ስለሆነ እኛ የምናዋጣው የለንም፣ በቃ።

ታዲያ አከራይን ያስደሰተ ነገር ጎረቤትን የሚያርቅ ከሆነ ለእኛ ቢጤዎች ጥሩ ሰፈር የትኛው ነው? ይህን እያሰብን የከተማዋን ታሪክ ማገላበጥ ያዝን። መጀመሪያው ገጽ ላይ ማንን ብናገኝ ጥሩ ነው? ሰፈር የሚመርጡ ባልና ሚስት!

አዎ፣ አዲስ አበባን ለመኖሪያ የመረጡት አብረው ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ናቸው። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ በቁርባን ተጋቡ። ምኒልክ ከሌሎች እናቶች የወለዷቸው ልጆች ነበሯቸው፤ ዘውዲቱንና ሸዋረጋን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ጣይቱ ግን ከምኒልክም፣ ከዚያ በፊት ካገቧቸው ባሎችም አልወለዱም። የቁርባን ጋብቻ ደግሞ እንደ ሌላው ጋብቻ በቀላሉ የሚፈርስ አይደለም። ስለዚህ ልጅ ሳይኖር አብሮ መኖር ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ኑሯቸው ነበር።

ቤታቸው እንጦጦ ላይ ነው። እንጦጦ ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል፤ ለኑሮ ግን ብርዱ፣ ንፋሱ፣ የማገዶው ችግር አለ። በዚህ ላይ ፍልውሃ ለመታጠብ ቁልቁል መውረድ፣ ታጥቦ ደግሞ ዳገቱን መውጣት። ጣይቱ ታች ያለውን ሜዳ ወደዱት፣ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፣ በ1879 ዓ.ም. ቤቱ መሠራት ጀመረ፤ ስሙንም አዲስ አበባ ያሉት እሳቸው ናቸው። በዚያው ዓመት ምኒልክ ሐረርን ለመያዝ ዘምተው ነበር። ትምህርት ቤት ሳለን የነገሩን ስለ አበባው ብቻ ነው። በእኛ ግምት ግን አበባው ሰበብ ነው፤ ሴትየዋ የፈለጉት ሙቅ ውሃና ንፋስ የማይበዛበት ቦታ ነው። ቤት ፈላጊ ሁሉ የሚፈልገው ይህንኑ አይደል?

አንድ ነገር ግን ሳንል አናልፍም። ሜዳው ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ ይባላል፤ የጉለሌና የሌሎችም ኦሮሞዎች መኖሪያ፣ ማሳና ግጦሽ ነበር። የእነሱ መነቀል አዲስ አበባ ከተማ የሆነችበት ታሪክ አካል ነው። ሰፈር መምረጥ የሚለው ነገር እንዲህ ጨዋታ መስሎ ይጀምርና መጨረሻው የሰው ቤት ላይ ያርፋል። ወደዚህ እንመለሳለን።

ቤተ መንግሥቱ ከወረደ በኋላ መኳንንቱም ተከትለው ወረዱ። ምኒልክ ለያንዳንዱ መሬት ሰጡ፤ መኳንንቱ ጉብታ ጉብታውን እየያዙ ሠራዊታቸውንና አሽከሮቻቸውን በዙሪያቸው አሰፈሩ። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚሁ ከመስፈር ነው። የጦር ድንኳኑ ተነቅሎ ጎጆ ተቀለሰ እንጂ አሰፋፈሩ ያው የዘመቻው ነው። ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ቅሪት ናቸው። (ደጃች ውቤ ሰፈር ኋላ በምን እንደታወቀች የሚያውቅ ያውቃል፤ ደጃዝማቹ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?) ከነዚህ ሌላ በሥራ የተሰየሙ ነበሩ፦ ሠራተኛ ሰፈር፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር።

እዚህ ላይ ልብ ያልነውን እንንገራችሁ። በዚያ አሰፋፈር ጎረቤትህ ማን እንደሆንክ የሚያውቀው በጌታህ ወይም በሙያህ ነው። የማን አሽከር ነህ? ምን ትሠራለህ? ልጅ መውለድና አለመውለድ ትልቅ ነገር መሆኑ መቼም አይቀርም፤ መሀን መባል ያኔም ስድብ ነው። የሰፈሩ መግቢያ በር ግን ልጅ አልነበረም።

ይህ አሰፋፈር ግን ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ጌታው ሲወድቅ የተጠጋው ሁሉ አብሮ ይወድቃል። ለዚህ ከጣይቱ በላይ ምስክር የለም። ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ እቴጌይቱ መንግሥቱን ያዙ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን ገለል አደረጓቸው። አልጋው የሚሄደው ለምኒልክ የልጅ ልጅ ለኢያሱ ነው። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲሞቱ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ወጡ፤ በ1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ራሳቸው የመሠረቱትን፣ ራሳቸው ስም ያወጡለትን ከተማ ቁልቁል እያዩ! ወንድምና የወንድም ልጆች ነበሯቸው፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ ግን «እናቴን አትንኩ» የሚል ልጅ አልነበራቸውም። ይህን ስናነብ ሁለታችንም ዝም አልን። ሰው ሁሉ የሚያስፈራራን በዚሁ አይደል? «ስታረጁ ማን አላችሁ? ማን ይቀብራችኋል?»

የአዲስ አበባ ሰፈሮች ለዚህ ጥያቄ መልስ ሠርተውለታል፤ ስሙ እድር ነው። እድር በከተማዋ በደንብ የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሕዝቡን በዘር ለይቶ ለማስፈር ሞከረ፤ መርካቶን «የአገሬው ሰው ገበያ» ብሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው፣ ለራሱ ሹማምንት ደግሞ ቤት ሠራ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው የጣሊያን ድርጅት ምህጻረ ቃል የመጣ ነው። ነጻነት ሲመለስ ከየገጠሩ ወደ ከተማዋ የሚጎርፈው ሰው ጌታም ዘመድም የሌለው ነው። አጠገቡ ያለው ጎረቤት ብቻ ነው። ስለዚህ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ያዋጣል፣ ድንኳን ይገዛል፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት ይገዛል፣ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል። እዚህ ውስጥ የሚጠየቀው መዋጮህን ከፍለሃል ወይ ነው። ቀብር ወጥተሃል ወይ ነው። ስንት ወለድክ የሚለው ተከትሎ የሚመጣ የመዝገብ ነገር ነው።

እንዲያውም የእድርን መዝገብ ያየ ሰው ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ለእድር የሚያተርፉ አባላት መሆናቸው ይገባዋል። ክፍያው ለአባሉ፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለእናትና አባት እየተባለ ይደለደላል። መዋጮው ግን ስምንት ልጅ ላለውም ለእኛም እኩል ነው። አከራይም ይወደናል፣ እድርም ይወደናል ማለት ነው። ቡናው ላይ ነው ችግሩ።

ቡናውን ደግሞ ያቀለለው፣ ማንም ሳያስበው፣ የ1967ቱ አዋጅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ ከ100 ብር የማይበልጠው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። የቀበሌ ቤት ኑሮን ማሞገስ አይቃጣንም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ የሚያድስ የለም፤ ቤታቸው ተወርሶ ያዘኑም ብዙ ናቸው። ነገር ግን አንድ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ሲጋራ ልጁም የጋራ ሆነ። ከእኛ አንዳችን ያደግነው እንዲህ ባለ ግቢ ነው። ጥግ ላይ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ሴትየዋ ለግቢው ልጆች ሁሉ «እትዬ» ነበሩ። ሱቅ ይልኩናል፣ ስናጠፋ ይቆነጥጡናል፣ እናቶቻችን ሲቆዩ ምሳ ያበሉናል። ጥምቀት ሲመጣ ብዙ ልጅ ያለበት ቤት እንኳ የሳቸውን ቤት ያህል አይጫጫም። መሀን ሲላቸው የሰማነው ሰው የለም። ከኋላቸው ተብሎ ይሆናል፤ እኛ ልጆች ነበርን።

ቀጥሎ ኮንዶሚኒየም መጣ። በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ደግሞ እንደገና። እኛም በዚያ ተመዝግበናል፤ ዕጣው እስካሁን ዝም ብሎናል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰፈር አይመረጥም፣ ይደርሳል። አንዱ ከአራት ኪሎ፣ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከሳሪስ መጥቶ አንድ ደረጃ ላይ ይገናኛል። ንድፉ ጎረቤትን አልረሳም፤ ለድግስ፣ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆኑ የጋራ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። ስቱዲዮ የሚባለው ቤትም በቁጥራችን ልክ የተሰፋ ይመስላል። ግን በሩ ብረት ነው፣ ይዘጋል። ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው። እንግዳ ለእንግዳ የሚተዋወቀው በምንድነው? በልጅ። ልጆቹ ደረጃው ላይ ይጫወታሉ፣ እናቶቹ «የአቤል እናት»፣ «የሐያት እናት» እየተባባሉ ይግባባሉ። ተከራይተን ሁለት ዓመት የኖርንበት ብሎክ ውስጥ ስማችን «አራተኛ ፎቅ ያሉት» ነበር።

የሚገርመው አዲስ አበባ ራሷ ብዙ የምትወልድ ከተማ አይደለችም። በ1997 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 5.4 ልጅ ትወልዳለች ሲል አዲስ አበባ ላይ ያገኘው 1.4 ነበር። ምክንያቱን ያጠኑ ሰዎች ጋብቻ መዘግየቱን፣ ሥራ ማጣቱንና የቤት ችግሩን ያነሳሉ። ቤት አጥቶ ያልወለደውና መርጦ ያልወለደው እንግዲህ አንድ ደረጃ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ጥያቄውም ለሁለቱም ያው «ልጆቹስ?» ነው። ከእኛ ይልቅ ለመጀመሪያው ሳይከብደው አይቀርም።

ስለዚህ ውሳኔያችን አሮጌ ሰፈር ሆነ። እድሩ የቆየ፣ ግቢው የጋራ፣ ሰው በሙያው የሚታወቅበት። ችግሩ አሮጌ ሰፈር እያለቀ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የፒያሳ አካባቢ ሲፈርስ፣ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲከተል፣ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበተነ። ቤቱ ምትክ ይገኝለት ይሆናል። ለአርባ ዓመት መዋጮ የከፈሉበት እድር ግን አባላቱ በአምስት አቅጣጫ ሲሄዱ ድንኳኑን ማን ይዞት ይሄዳል? ልጅ ያለው ልጁ ዘንድ ይጠጋል። እንደዚያች እንደ ግቢያችን እትዬ ያለው ሰው አዲሱ ሰፈር ላይ ከዜሮ ይጀምራል፤ በሰባ ዓመቱ፣ «ልጆቹስ?» ከሚለው ጥያቄ።

ቦሌንም፣ ሲኤምሲንም፣ ሳር ቤትንም አየን። ስለነሱ ብዙ የምንለው የለንም፤ አጥሩ ረጅም ነው፣ ኪራዩም ከአጥሩ ይረዝማል። በመጨረሻ ሽሮ ሜዳ ገባን፣ እንጦጦ ሥር። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ሰፈር ነው፤ ጠዋት የሚቀሰቅሰን የመወርወሪያው ድምፅ ነው። አራት ቤተሰብ ባለበት ግቢ ሁለት ክፍል። እማማ፣ አከራያችን፣ የመጀመሪያው ቀን «ምንድነው የምትሠሩት?» አሉን። «እንጽፋለን።» «ለሰው ማመልከቻ?» «እንደዚያም ሊባል ይችላል።» እስካሁን ሦስት ማመልከቻ ጽፈናል፣ ሁለቱ የመብራት ነው።

ሰፈሩ ይቆይ ይፍረስ ማንም አይነግረንም። ቢሆንም የእድሩን መግቢያ ከፈልን። ጸሐፊው ጋሼ መዝገቡን ገልጠው የሁለታችንን ስም፣ የእናቶቻችንን፣ የአባቶቻችንን ጻፉ። ልጆች የሚለው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩን። «የሉንም።» ሰረዝ አደረጉበትና ወደ አንዳችን ዞሩ። «ድንኳን መትከል ትችላለህ?» «እለምዳለሁ።» «አንቺስ፣ እህቴ? ጽሑፍሽ ይነበባል? የኔ ዓይን ደክሟል።» ስብሰባው ወር በገባ የመጀመሪያው እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው አሉን። የመጀመሪያውን ረስተን ቀረን። ሃምሳ ሃምሳ ብር ተቀጥተናል።