ዓይነ ስውሩ የቆሎ ተማሪና ባልንጀሮቹ

ፈንጣጣ ከአገራችን ፈጽሞ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነውና፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ይህ ደዌ የስንቱን ሕፃን ብርሃን እንደ ነጠቀ የጎንደርና የጎጃም ሽማግሌዎች ያውቁታል። የዓይነ ስውሩ እናትም ከእርሻና ከከብት ጥበቃ የተገለለ ልጇን «እኔ ስሞት ማን ይጦረዋል?» እያለች ስትብሰለሰል ኖራ፣ በመጨረሻ ደበሎ አልብሳ፣ አኩፋዳ አስይዛ፣ ወደ አብነት ትምህርት ቤት ትሰደው ነበር።

ያ ጉባኤ ከብራና ይልቅ በቃልና በጆሮ የቆመ ነበር። ማታ መብራት በሌለበት ተማሪው ሁሉ ተሰብስቦ ውዳሴ ማርያምንና መልክአ ማርያምን በቃሉ ሲያጠና፣ ለዓይናማውም ፊደል አይታየውምና በዚያ ሰዓት ሁሉም እኩል ነው። ቅኔ ቤት ቢገባም፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የሚቆጠረው በልቡና እንጂ በቀለምና በብርዕ አልነበረም። ስለዚህ ዓይናማው ባልንጀራው ድጓውን ከብራና እያየ ያስጠናዋል፣ ቀፈፋ ሲወጡም ዱላውን ይዞ ከመንደር ውሻ ያስጥለዋል፤ እርሱ ደግሞ ጓደኛው የዘነጋውን ቀለም ከልቡናው አውጥቶ ያቀብለዋል። (ነገሩ ሁሉ ጽድቅ ብቻ ነበር አልልም፤ ዕውር የሚመራ ተማሪ ከደጅ ባዶ አኩፋዳ ይዞ የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው።)

ልጁ ከሚማርበት ደብር የመጣ መንገደኛ ለእናትየዋ፣ ልጇ ከጓደኞቹ ጋር ባንድ ጎጆ እንደሚያድር፣ ከነርሱም ጋር ሲሳሳቅ በጆሮው እንደ ሰማ ባወራላት ጊዜ፣ መማሩን ከሰማችበት ቀን ይልቅ በዚህ እልል ትላለች፤ የምትልከውንም በሶ ከዚያ ወዲያ ለሁለት ሰው ትሰንቃለች።

ዓይነ ስውር ለቅስና አይሾምም ነበርና መንገዱ ወደ መሪጌትነትና ወደ ቅኔ መምህርነት ያቀናል፤ ዱላውን ይዞ ይመራው የነበረው ባልንጀራ በሌላ ደብር ሲቀድስ፣ እርሱ ጉባኤ ዘርግቶ ያስተምራል፣ ደቀ መዛሙርቱም በተራ ይመሩታል። መስማት የተሳነው ልጅ ግን፣ ትምህርቱም ጨዋታውም በጆሮ በሚገባበት በዚያ ጉባኤ ቦታ አልተገኘለትምና፣ እናቱ ከቤት አስቀርታው ኖረች።