የተሰቀለ በገና እንዴት ይወርዳል?

ስለ ጥንታዊ መሣሪያ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው እንጨቱን ነው። የተሰነጠቀ ገበቴ፣ የተበጠሰ አውታር፣ አቧራ የለበሰ ቀንበር ስናይ «ይህስ አበቃለት» ብለን እናልፋለን። የበገናን ታሪክ ጠጋ ብለን ስንመረምር ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። በገና እንጨቱ ስለ ተሰበረ አይሞትም። የሚሞተው ቅኝቱን የሚያውቅ መምህርና ከእርሱ የሚቀበል ደቀ መዝሙር ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከኻያ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚደርስ መሣሪያ ነው። እንደ አበው ትውፊት የንጉሥ ዳዊት በገና ሲሆን፣ ወደ አገራችንም የገባው ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ነው ይባላል። ዐሥሩን አውታር በዐሠርቱ ትእዛዛት፣ ሁለቱን ምሰሶ በብሉይና በሐዲስ ኪዳን መመሰልም የቆየ ልማድ ነው። ትውፊቱን እንደ ትውፊት ይዘን የብራና መጻሕፍትን ሥዕሎች ብንመለከት፣ የአገራችን ሠዓሊዎች ዳዊትን ሲሥሉ በገና ሲደረድር አድርገው እንደ ነበር እናያለን።

ክራርና መሰንቆ በየጠጅ ቤቱና በየሠርጉ ይሰማሉ፤ በተለይ መሰንቆ የአዝማሪ እንጀራ ነው። በገና ግን የመኳንንቱ፣ የወይዛዝርቱና የካህናቱ መሣሪያ ነበር። እቴጌ ጣይቱም በገና ይደረድሩ እንደ ነበር ይነገራል። በቅዳሴና በማኅሌት አይገባም፤ ቦታው በቤት ነው፤ ጊዜውም ይልቁንም ዐቢይ ጾም ነው። ይህ ለበገና ክብሩ ነበር፤ ድክመቱም ይኸው ሆነ። አዝማሪ ልጁን የሚያስተምረው እንዲበላበት ጭምር ነው። በገና ደርዳሪ ግን ከመሣሪያው ገበያ አይጠብቅም። ስለሆነም ቤቱ ሲፈርስ ወይም ዘመኑ ሲለወጥ፣ በገናው ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ይህ በቅርብ ዘመን ታይቷል። አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የታወቁ የበገና መምህር ነበሩ። ዓለሙ አጋ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ አለቃ ጎረቤታቸው ሆነው መጡ፤ ልጁም ከእርሳቸው እግር ሥር ለሰባት ዓመት ተማሩ። በኋላም ራሳቸው በአዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን መንፈሳዊ ዜማ ፊት ተነሣው፤ በገናም ከሬዲዮ ራቀ። ዓለሙ አጋም በ1972 ዓ.ም. ገደማ የማስተማር ሥራቸውን ለቀው በሌላ ሥራ ይተዳደሩ ጀመር። በገናቸውን ግን አልሰቀሉም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ወጣቶች በየሰንበት ትምህርት ቤቱ «በገና እንማር» ብለው ሲነሡ፣ ከእርሳቸውና ከጥቂት መሰሎቻቸው ዘንድ የሚጠይቁት አላጡም። «ኢትዮጲክስ» ከተባለው የሙዚቃ ስብስብም 11ኛው ቅጽ የእርሳቸው በገና ነው። እነዚያ ጥቂቶች በዚያ ዘመን ዝም ብለው ረስተውት ቢሆን ኖሮ፣ በየሙዚየሙ የተቀመጠ በገና ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ደቀ መዝሙር ባላወጣ ነበር።

ወደ ባቢሎን የተማረኩት ሰዎች መሣሪያቸውን በወንዝ ዳር ዛፍ ላይ እንደ ሰቀሉ በመዝሙረ ዳዊት እናነባለን። እኛ ስደተኞች ነንና ይህ ይገባናል። ሐዘን ሲበረታ መስቀል ያለ ነው። ነገር ግን ሳይወርድ ልጅ ካደገ፣ ልጁ የሚያውቀው እንጨቱን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍነው በመጠለያችን አንድ የተሰቀለ በገና ስለ ነበረ ነው። ባለቤቱ አንድ አረጋዊ አባት ናቸው። ድንበር ሲሻገር በጆንያ ተጠቅልሎ ስለ መጣ ገበቴው ተሰንጥቋል፤ የለበሰው ቆዳ ደርቆ ተቀዷል፤ ከአውታሮቹም አንድ ደኅና አልቀረም። ከጥቂት ወራት በፊት ተሰባስበን ሥራውን ጀመርን። አናጢ ወንድማችን የዋንዛውን ስንጥቅ በእንጨት ስንጣሪና በሙጫ ደፈነው። የበሬ ቆዳ ጠጕሩ ተፍቆ፣ በውኃ ርሶ፣ ገና እርጥብ ሳለ በገበቴው ላይ በጠፍር ተሰፋ። ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰባልና እንደ ከበሮ ተወጠረ። የቀረው አውታሩ ነበር። አውታር የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው፤ ራሽናችን ደግሞ በግ አያውቅም። በዓረፋ ዕለት ያረዱ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን አንጀቱን አጥበው ላኩልን። እርሱም ተፍቆ፣ እርጥብ ሳለ ከርሮ፣ በሁለት ችካል መካከል ተወጥሮ ደረቀ።

እስከዚህ ያለውን እጀ ብልህ ሁሉ ይሠራዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የአዋቂ ነው። አውታሩ ከመቃኛው ወርዶ በበርኩማው ላይ ሲያልፍ፣ በመካከላቸው እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። በገናን በገና የሚያሰኘው ያ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ የሚወጣው ከእርስዋ ነው። እንዝራዋ ከቦታዋ ጥቂት ብትርቅ አውታሩ እንደ ማንኛውም ጅማት ይጮኻል እንጂ አይነዝርም። አባታችን ከአሮጌ ጫማ ምላስ ዐሥር ቁራጭ ቆርጠው፣ እያንዳንዷን ወደ ላይ ወደ ታች እየገፉ፣ ጆሮአቸውን ወደ ገበቴው አስጠግተው አንድ ቀን ሙሉ ዋሉ። ቀጥለውም በትዝታ ቃኙት። ከዐሥሩ አውታር እርሳቸው የሚደረድሩት ስድስቱን ነው፤ የቀሩት ጣት ያርፍባቸዋል። ይህንን እንጨቱን በማየት ብቻ ማን ሊያውቀው ይችላል?

ውድ አንባብያን፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እንጨቱን ለማዳን ጥቂት ሳምንታት በቅተዋል። ጆሮውን ለማዳን ግን ዓለሙ አጋ ሰባት ዓመት እንደ ፈጀባቸው አይተናል። እኛ ደግሞ ሰባት ዓመት አብረን እንደምንቆይ ዋስ የለንም። አንዱ ስሙ ወጥቶ ወደ ሦስተኛ አገር ይሄዳል፤ ሌላው ይቀራል፤ አረጋዊም ዕድሜው የተቆጠረ ነው። ስለዚህ በየድንኳኑ ዋሽንት የሚቀርጽ፣ ክራር የሚቃኝ፣ መሰንቆ በጭራ የሚወጥር ካለ፣ አገር እስክንገባ ብሎ አይቆይ። ዕውቀት በጆንያ ተጠቅልሎ አይሻገርም፤ በሰው ውስጥ ብቻ ይሻገራል።

አሁን ሦስት ልጆች በየረቡዕና በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ ከአባታችን ዘንድ ይቀመጣሉ። ለሌሎችም ቦታ አለ፤ ሴት ወንድ አይባልም። የጀማሪ ጣት አውታር ይበጥሳልና፣ ለበዓል በግ የምታርዱ ሁሉ አንጀቱን እንዳትጥሉብን አደራ እንላለን።