ዜና ማኅበር ዘሮታሪ

በ1897 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ በነገሡ በ16ኛው ዓመት፣ የካቲት 16 ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ፣ በአገራችን የኪዳነ ምሕረት በዓል ተከብሮ በዋለበት ዕለት፣ በአሜሪካ አገር ሺካጎ በምትባል ከተማ አራት ሰዎች በአንዲት ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቢሮዪቱም በዲርቦርን ጎዳና ዩኒቲ በሚባል ሕንፃ የምትገኝ፣ ቁጥሯ 711 የሆነ ነበረች። አንደኛው ፖል ሃሪስ ጠበቃ ነው። ሁለተኛው ሲልቬስተር ሺሊ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ ነው። ሦስተኛው ጉስታቨስ ሎር የማዕድን መሐንዲስ ነው፣ ቢሮውም የእርሱ ነበረ። አራተኛው ሃይረም ሾሪ ልብስ ሰፊ ነው። ፖልና ሲልቬስተር ወደዚያ ከመውጣታቸው በፊት ማዳም ጋሊ በምትባል ሴት የጣሊያን ምግብ ቤት እራት በልተው ነበር። ይህን የእራት ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ የማኅበሩ ጠባይ ከዚያ ይወጣልና።

አሁን የፖልን ነገር እንጻፍ። የተወለደው በ1860 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ግዛት ራሲን በምትባል ከተማ ነው። አባቱ በንግድ ስለ ከሰረ ልጁን በሦስት ዓመቱ ወደ አያቶቹ አገር ወደ ቨርሞንት ሰደደው፤ በዚያም ዎሊንግፎርድ በምትባል ትንሽ መንደር አደገ። ሕግ ተምሮ በ1883 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ እንደ ጓደኞቹ ወዲያው ቢሮ አልከፈተም፤ አምስት ዓመት ዓለምን ዞሬ ልይ ብሎ ተነሣ። በካሊፎርኒያ ጋዜጠኛ ሆነ፣ ዘቢብ በሚታሸግበት ፋብሪካም ሠራ። በዴንቨር በቲያትር ተጫወተ፣ በፍሎሪዳ በሆቴል ጸሐፊነት አደረ፣ ዕብነ በረድ ሸጠ፣ ከብት በሚጫንበት መርከብም ተቀጥሮ ባሕር ተሻገረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1888 ዓ.ም.፣ የዓድዋ ጦርነት በሆነበት ዓመት፣ ሺካጎ ገብቶ ጥብቅናውን ጀመረ። ደንበኛ አገኘ፤ ወዳጅ ግን አላገኘም። በሰንበት ቀን ብቻውን በየመናፈሻው ይንከራተት ነበረ።

አንድ ቀን ማታ አንድ የሙያ ባልደረባው እራት ጋብዞት አብረው በሰፈሩ ሲሄዱ፣ ያ ሰው በየሱቁ ደጃፍ እየቆመ ባለ ሱቆቹን በስማቸው እየጠራ ሰላም ይላቸው፣ ፖልንም ያስተዋውቀው ጀመር። ፖልም የአያቶቹ መንደር ትዝ አለው። በትልቅ ከተማ መካከል እንዲህ ያለ ሰፈር ማቋቋም ይቻል ይሆን ብሎ ለብዙ ዓመታት ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና፣ ያን የየካቲት ማታ ለሦስቱ ነገራቸው። እነርሱም እሺ አሉ።

ሁለተኛው ስብሰባ የካቲት 30 ቀን በፖል ቢሮ ሆነ። በዚያም ሃሪ ራግልስ የተባለ የማተሚያ ቤት ባለቤት፣ ዊሊያም ጄንሰን የተባለ የቤትና የመሬት አሻሻጭ፣ አል ዋይት የተባለ የኦርጋን ሠሪ ተጨመሩ። ሦስተኛው መጋቢት 14 ቀን በሲልቬስተር የከሰል ግቢ ሆነ፤ ሲልቬስተርንም ሊቀ መንበር አድርገው ሾሙት። ፖል አሳቡ የእርሱ ሲሆን ሹመቱን ለወዳጁ መተዉ ያስመሰግነዋል። ስብሰባው በየሁለት ሳምንቱ ከአንዱ ዘንድ ወደ ሌላው ዘንድ ይዞር ስለ ነበረ ስማቸውን ሮታሪ አሉት። የእኛ አገር የጽዋ ማኅበር ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞር ያለ ነው፤ ልዩነቱ ጻድቅ ወይም ታቦት የሌለው መሆኑ ነው። ከየሙያው አንድ ሰው ብቻ እንዲገባም ሕግ አወጡ። አንድ ጠበቃ ካለ ሁለተኛ ጠበቃ አይገባም፣ አንድ ከሰል ነጋዴ ካለ ሌላው ውጭ ይቀራል። ይህም በአንድ ገበያ የሚሻሙ ሰዎች በአንድ ማዕድ እንዳይጣሉ ነው።

የመጀመሪያዪቱ ዓመት ነገር እንዲህ ነበረ። በስብሰባ ላይ ማንም ማንንም «ሚስተር» ብሎ አይጠራም፤ ሁሉም በመጠሪያ ስም ይጠራሩ ነበር። የቀረ ሰው ይቀጣል፤ የማኅበሩም ወጪ በመዋጮ ሳይሆን በቅጣት ገንዘብ ይሸፈን ነበር። ዘፈኑን ያመጣው አታሚው ሃሪ ራግልስ ነው። እንደሚተረከው፣ አንድ ማታ ተናጋሪው ጸያፍ ቀልድ ሊጀምር ሲል ሃሪ ብድግ ብሎ «በሉ እንዝፈን!» አለና ሁሉም ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ መዝፈን ልማድ ሆነ፤ በሌሎች አገሮችም ባሉ ክለቦች ተዛመተ።

ነገር ግን ዜና መዋዕል ጸሐፊ የሚያሳፍረውን ትቶ የሚያስመሰግነውን ብቻ ቢጽፍ ዋሾ ይባላል። እነዚህ ሰዎች የተሰበሰቡት ድሆችን ለመርዳት አልነበረም። በጥር 1898 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ የጻፉት ደንብ ዓላማቸው ሁለት እንደ ሆነ ይናገራል፤ አንደኛው የአባላቱን ንግድ ማስፋፋት፣ ሁለተኛው መልካም ወዳጅነት። ከመካከላቸውም አንዱ መዝጋቢ ሆኖ፣ ማን ከማን ምን ያህል እንደ ገዛ፣ ማን ለማን ደንበኛ እንዳመጣ በየጊዜው ይመዘግብ ነበር። ከሰል የሚፈልግ ከሲልቬስተር ይገዛል፣ ሲልቬስተርም ወረቀቱን በሃሪ ዘንድ ያሳትማል። ማዕዱ ቀደመ፣ ጥቅሙ ተከተለ፣ በጎ አድራጎቱ ግን ዘግይቶ መጣ። ይህን የምጽፈው ላሳጣቸው አይደለም። ተዋውቀው፣ በልተው፣ ተደጋግፈው ስለ ነበረ ነው ኋላ የመስጠቱ ነገር ሲመጣ ያልተበተኑት ብዬ ስለማምን ነው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ፍሬድሪክ ትዊድ የተባለ አባል ዶናልድ ካርተር የሚባለውን የፈጠራ መብት ጠበቃ ወደ ማኅበሩ ጋበዘ። ካርተርም ደንቡን አንብቦ፣ ለራሱ ብቻ የሚኖር ማኅበር ዕድሜ የለውም፣ ለከተማው የሚጠቅም ነገር ካልሠራችሁ አልገባም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ተቀይሞ ይተወው ነበር። እነርሱ ግን ና ግባና ራስህ አስተካክለው አሉት። እርሱም ገባ፤ ሦስተኛ ዓላማም ተጨመረ፤ ይኸውም ለሺካጎ ከተማ ጥቅም መሥራትና የዜግነትን ፍቅር ማስፋት ነው። ከአራቱ መሥራቾች ይልቅ ይህ እምቢ ያለ ሰው ለማኅበሩ በጎነት አባት ሊባል ይገባዋል።

ከዚህም በኋላ ፖል ሃሪስ በ1899 ዓ.ም. ሊቀ መንበር ሆኖ ተሾመ፤ አዲሱ ዓላማም በሥራ እንዲታይ ፈለገ። የመጀመሪያ ሥራቸውም የሕዝብ ሽንት ቤት ማሠራት ሆነ። አንባቢ አይሳቅ፤ መርካቶ መካከል ደርሶበት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል እንዳይደለ ይረዳል። ጠላትም ተነሣባቸው። ቢራ ጠማቂዎቹ በየመጠጥ ቤቱ ለወንዱ ሽንት ቤት አለ አሉ፤ የታላላቅ መደብሮች ባለቤቶችም ለሴቶች በእኛ ዘንድ አለ አሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ የቸኮለ ሰው ገብቶ ሳይገዛ ወይም ሳይጠጣ አይወጣምና። ሮታሪዎቹ ግን የሌሎችን ማኅበራት ድጋፍ አሰባስበው፣ ከከተማው ሹማምንት ጋር ሁለት ዓመት ገደማ ከተሟገቱ በኋላ፣ ሽንት ቤቱ በከተማው አዳራሽ አጠገብ ተሠራ።

በማኅበሩ ውስጥም ጠብ ነበረ። ማዕዱንና ዘፈኑን የወደዱት፣ ፖል ማኅበሩን ወደ ሌላ ከተማ ለማስፋፋት ሲደክም ባዩ ጊዜ፣ እኛ ለመዝናናት መጣን እንጂ ለስብከት አልመጣንም ብለው አጉረመረሙ። ፖልም በዚህ ነገር ተቸግሮ ሊቀ መንበርነቱን ተወ። ማስፋፋቱን ግን አልተወም። በኅዳር 1901 ዓ.ም. ማኑኤል ሙኞዝ የተባለ ወዳጁ ወሬውን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወስዶ፣ ሆመር ውድ በተባለ ጠበቃ እጅ ሁለተኛው ክለብ ተቋቋመ። በ1902 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በሺካጎ ትልቅ ጉባኤ ሲደረግ 16 ክለቦች ነበሩ። በ711 ቁጥር ቢሮ ከተሰበሰቡት ከአራቱ ግን ሁለቱ ብዙ አልቆዩም፤ ልብስ ሰፊው ሾሪ ወደ አገሩ ወደ ሜይን ተመለሰ፣ ቢሮውን ያዋሰው ሎርም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማኅበሩን ተወ።

ስለ ገንዘቡም እንጻፍ። በሰኔ 1909 ዓ.ም. አርክ ክላምፍ የተባለ የክሊቭላንድ ሰው፣ በአትላንታ በተደረገው ጉባኤ ላይ፣ በዓለም በጎ የሚሠራበት ቋሚ ገንዘብ ይቀመጥ ብሎ አሳሰበ። መጀመሪያ የገባው ስጦታ ከካንሳስ ሲቲ ክለብ የመጣ 26 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበረ። ለብዙ ዓመታትም ገንዘቡ በዝግታ ያድግ ነበረ። ፖል ሃሪስ ጥር 19 ቀን 1939 ዓ.ም. በሺካጎ ባረፈ ጊዜ ግን፣ ስለ እርሱ መታሰቢያ ከየአገሩ ስጦታ ጎረፈ፤ በ18 ወር ውስጥም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በለጠ። በዚያም ገንዘብ 18 ተማሪዎች ወደ ባዕድ አገር ሄደው እንዲማሩ ተላኩ። ፖል የተቀበረው ከወዳጁ ከከሰል ነጋዴው ከሲልቬስተር መቃብር አጠገብ ነው።

የሴቶችንም ነገር አልዘልም፤ ለማኅበሩ ክብር ባይሆንም። ለ80 ዓመት ያህል ሴት አባል አትሆንም ነበር። በካሊፎርኒያ ዱዋርቴ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ ክለብ በ1969 ዓ.ም. ሦስት ሴቶች ቢያስገባ ከማኅበሩ ተባረረ። እነርሱም አልተበተኑም፤ በአርማቸው ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አሥምረው «የቀድሞው ሮታሪ ክለብ» ብለው መሰብሰባቸውን ቀጠሉ። ነገሩም ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ሚያዝያ 26 ቀን 1979 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዱዋርቴ ፈረደ። ከሁለት ዓመት በኋላም የማኅበሩ ሕግ በዓለም ሁሉ ተለወጠ።

አሁን ደግሞ ማኅበሩ ወደ ተዋጋው ወደ ልጅነት ልምሻ፣ ፖሊዮ ወደሚባለው በሽታ፣ እንምጣ። መስከረም 18 ቀን 1972 ዓ.ም. በፊሊፒንስ አገር፣ በማኒላ አጠገብ፣ የማኅበሩ የዓለም ሊቀ መንበር ጄምስ ቦማር የመጀመሪያዪቱን የፖሊዮ ጠብታ በአንድ ሕፃን አፍ ላይ አንጠባጠበ። በዚያ ዘመቻ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን ለመከተብ ታስቦ ነበር። ቦማር ኋላ እንደ ተናገረው፣ ሲከትብ ሳለ አንድ ልጅ የሱሪውን ጫፍ ጎተተው። ዞር ብሎ ቢያይ የሕፃኑ ታላቅ ወንድም ነው፤ እርሱ ራሱ በልምሻ የተጎዳ ሲሆን ስለ ታናሹ ያመሰግነው ነበር። ከዚህም በኋላ በ1977 ዓ.ም. ማኅበሩ ዓለምን ሁሉ ከፖሊዮ ለማጽዳት ተነሣ። 120 ሚሊዮን ዶላር እንሰበስባለን ብለው ጀምረው በ1980 ዓ.ም. 247 ሚሊዮን ሰበሰቡ። በዚያም ዓመት በሽታው ከ125 በሚበልጡ አገሮች በየዓመቱ 350,000 ያህል ሰዎችን፣ ይልቁንም ሕፃናትን፣ ያሽመደምድ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዲስ አበባ ሮታሪ ክለብ የተተከለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው፤ ኋላም በየከተማው በዛ። የክትባቱ ዘመን ሲመጣ እነዚህ ክለቦች ከመንግሥት፣ ከዓለም የጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ቆሙ። ከባሕር ማዶም አንድ የአገር ልጅ መጣ። አቶ ዕዝራ ተሾመ በሲያትል ከተማ የኢንሹራንስ ሥራ የሚሠሩ፣ በዚያም የሮታሪ አባል የሆኑ ናቸው። አሜሪካውያን ባልንጀሮቻቸውን በየጊዜው እየሰበሰቡ፣ የጉዞውን ወጪ እያንዳንዱ ከኪሱ እየከፈለ፣ ወደ ኢትዮጵያ ያመጡአቸው ነበር። ታይም መጽሔትም በ1998 ዓ.ም. ስለ ዓለም ጤና ከደከሙ ጀግኖች መካከል ቆጥሯቸዋል።

የዘመቻው ቀን ሥራ እንዲህ ነው። ጠዋት ክትባቱ በበረዶ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ተደርጎ በትከሻ ይንጠለጠላል። ከታቢዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በየደጁ ይሄዳሉ። እናት በር ላይ ትወጣለች፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አለ ወይ ይባላል። የሕፃኑ ጉንጭ ጫን ይደረግና አፉ ሲከፈት ሁለት ጠብታ ይገባል፤ የግራ እጁ ትንሽ ጣት በማይለቅ ቀለም ይቀባል፤ በሩም ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ሁለተኛ የመጣ ሰው ጠመኔውን አይቶ ያልፋል። ከባሕር ማዶ የመጣው ባለ ድርጅት በኮረብታው ላይ እያለከለከ ሳጥኑን የሚሸከመው፣ ልጆችም ከኋላው «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ የሚከተሉት በዚህ ጊዜ ነው። ማታ ሁሉም በአንድነት እንጀራ ይበላሉ፤ በማዳም ጋሊ ቤት የተጀመረው ልማድ አልጠፋምና።

በሽታው ግን በአንድ ጊዜ አልተሸነፈም። ከአገራችን ጠፋ ከተባለ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ከሱዳን በኩል ተሻግሮ ገባ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሊያ ወረርሽኝ ጋር በሶማሌ ክልል በዶሎ ዞን ታየ፤ በዚያም 10 ሰዎች ታመሙ። የመጨረሻው ሰው የታመመው ታኅሣሥ 27 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የአፍሪካ አህጉር ከዱር ፖሊዮ ነጻ መሆኗ ታወጀ። የዱሩ ፖሊዮ ከዚያ ወዲህ መኖሪያ አድርጎ የቀረባቸው አገሮች አፍጋኒስታንና ፓኪስታን ብቻ ናቸው።

ይሁን እንጂ ክትባት በሚያንስበት ስፍራ ከክትባቱ ቫይረስ ተለውጦ የሚነሣ ሌላ ዓይነት ፖሊዮ አለ፤ እርሱም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ ታይቷል። ስለዚህ ከታቢዎቹ ዛሬም በየደጁ ይዞራሉ። ይህን የምታነቡ ወላጆች ሆይ፣ ሳጥን የያዘ ሰው በራችሁን ሲያንኳኳ ክፈቱለት፤ ልጁ ባለፈው ዙር ተከትቦም ቢሆን አይጎዳውም፣ ዋጋም አይጠየቅበትም።