የዌልስ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን በርና የቄሱ ቁልፍ

በሰሜን ዌልስ ገጠር ወደ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ የሚዘለቀው ጣሪያ ባለው የድንጋይ በር ነው። ግድግዳው ባልተጠረበ ድንጋይ የተካበ፣ ክዳኑ ከአካባቢው ተራራ የተፈለጠ ስስ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውስጡ ግራና ቀኝ የድንጋይ መደብ አለው። ጎብኚዎች ውበቱን አድንቀው ያልፋሉ። እኔ ግን ይህ በር ከጌጥነቱ ይልቅ የሥልጣን ድንበር ነበር እላለሁ። በ1549 (እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) የወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ካህኑ አስከሬኑን ዐጸዱ መግቢያ ላይ እንዲቀበል ያዛል፤ በ1567 ወደ ዌልስ ቋንቋ ሲመለስ ሥርዐቱም አብሮ መጣ። ቀባሪው ሸክሙን አውርዶ የሚጠብቀው ካህኑን ነው። በሩ የተሠራው በግ እንዳይገባ፣ ጣሪያውም ለዝናቡ ነው የሚሉ አሉ። አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን በግ ለማገድ አጥርና መዝጊያ ይበቃል፤ መደብ የሚሠራው ለሚጠብቅ ሰው ነው።

መጠበቁ ምን ያህል ሊመር እንደሚችል የላንቭሮትን መንደር አሳይቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው የዌልስ ምእመን ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ውጭ ያሉ የፕሮቴስታንት ማኅበራት ተከታይ ነበር፤ የሚቀበረው ግን ብዙ ጊዜ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ነው። የ1880 ሕግ እነዚህ ሰዎች በራሳቸው ሥርዐት እንዲቀበሩ ፈቀደ። ሆኖም በ1888 ሮበርት ሮበርትስ የተባለ ድንጋይ ፈላጭ ከልጁ መቃብር አጠገብ ልቀበር ብሎ ሲሞት፣ የደብሩ ቄስ በሩን ቆለፈ። ቤተሰቡ የወጣቱን ጠበቃ የዴቪድ ሎይድ ጆርጅን ምክር ሰምቶ በሩን ሰብሮ ገባና ቀበረው፤ ቄሱም ከሰሰ።

ክርክሩ የመሬት እንጂ የበር አልነበረም ሊባል ይችላል። እውነት ነው፣ ቄሱ የተመረኮዘው የመቃብሩ መሬት በመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ለሚቀበሩ ብቻ እንዲሆን በ1881 ባስፈረመው ውል ላይ ነው። ሎይድ ጆርጅ ግን መሬቱ በ1864 በቃል ተሰጥቶ ከ12 ዓመት በላይ በሕዝቡ እጅ ስለቆየ ኋላ የመጣ ውል አይሽረውም ብሎ ተከራከረ። የአካባቢው ዳኛ ለቄሱ ቢፈርድም፣ በዚያው በ1888 ታኅሣሥ የለንደን ይግባኝ ሰሚ ችሎት ፍርዱን ገለበጠው። ውሉ ራሱ የተጻፈው ሕጉ በወጣ በዓመቱ ነውና፣ ቄሱ በወረቀት የያዘው በበሩ ላይ የነበረውን ያንኑ ሥልጣን ነበር። ዌልሳውያንም ነገሩን እንዲህ ስለተረዱት፣ ጠበቃው በ1890 በ18 ድምፅ ብልጫ ፓርላማ ገባ።