የአሮጌ ቮልስ የኤሌክትሪክ መስመር እድሳት፦ ከ6 ወደ 12 ቮልት

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከቤቴል እስከ አየር ጤና ባሉ መንደሮች፣ በግቢ ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመ ቮልስዋገን ማየት ብርቅ አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና ነበር። ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ቀረጥ ያናረው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ የአባትን ቮልስ በቤት ውስጥ አድሶ መንገድ ላይ ማውጣት ትርጉም ያለው ሥራ ሆኗል። ቀለሙና ቆርቆሮው ብዙዎችን ያጓጓል፤ መኪናውን የሚያቃጥለው ግን ሽቦው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መኪናው ስንት ቮልት ነው የሚለው ነው። ቮልስ ለረጅም ዘመን በ6 ቮልት ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ወደ 12 ተሸጋግሯል፤ ጊዜው እንደ ሞዴሉና እንደ ገበያው ይለያያል። ባለ 6 ቮልት ባትሪ ሦስት፣ ባለ 12 ደግሞ ስድስት ክፍሎች አሉት። ባትሪው ብቻ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል በዲናሞው፣ በቦቢናውና በአምፖሎቹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል።

ልዩነቱ በቀላል ስሌት ይገለጣል። 45 ዋት የሆነ የፊት አምፖል በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ሲስብ በ12 ቮልት 3.75 ብቻ ይስባል። በዛገ መጋጠሚያ ላይ ግማሽ ቮልት ቢባክን ለ12 ቮልት እምብዛም አይደለም፤ በ6 ቮልት ግን የአምፖሉ ብርሃን በሩብ ያህል ይደበዝዛል። ስለዚህ «መብራቱ ደካማ ነው» ብሎ ወደ 12 ከመሸጋገር በፊት ማሳውን ማጽዳት ይቀድማል። በማርሽ ሳጥኑና በሻንሲው መካከል ያለው የማሳ ገመድ ብዙ ጊዜ የተረሳው ጥፋተኛ ነው።

ሽግግሩ ከተወሰነ ባትሪ፣ ዲናሞ ከነሬጉሌተሩ፣ ቦቢና፣ የፍሬቻ ሬሌ፣ አምፖሎች፣ ጥሩምባ፣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተርና ሬዲዮ ይቀየራሉ። የካርቡራተሩን የቾክ ማሞቂያ ብዙዎች ይዘነጉታል። የቀድሞው ሞተሪኖ በ12 ቮልት ለአጭር ጊዜ ያስነሳል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል። የ12 ቮልቱን ለመግጠም ደግሞ 109 ጥርስ ያለውን የቀድሞ ቮላኖ ባለ 130 በሆነው መተካት ያስፈልጋል፤ ይህ ሞተር የሚያስወርድ ሥራ ነው። ዕቃውን ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚፈልግ ሰው አሮጌውን ይዞ መሄዱ ከብዙ ምልልስ ያድነዋል።

የቀድሞው ሽቦ ወፍራም ስለሆነ፣ ልባሱ ካልተሰነጠቀ፣ ለ12 ቮልት ይበቃል። በጀርመን ሥርዓት 30 የባትሪ ቀጥታ መስመር፣ 15 በቁልፍ የሚበራ፣ 31 ማሳ፣ 50 የሞተሪኖ ነው፤ ቡናማ ሽቦም ማሳ ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ በናስትሮ የጠቀለለውን መስመር ነገ ራሱ መለየት ያቅተዋል። ነጩ የሸክላ ፊውዝ 8፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። የተቃጠለን ፊውዝ በብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ፣ ፊውዙ ይጠብቀው የነበረውን ሽቦ ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው። ከባትሪ ወደ ቁልፍ የሚሄደው ዋና መስመር ከፋብሪካው ፊውዝ የለውምና በባትሪው አጠገብ አንድ መጨመር ብልህነት ነው።

ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ የብረት ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ ኮንታክት ይፈጥራል፤ መሙያውም ይቀጣጠላል። የባትሪው መክደኛ ከጠፋ ወፍራም ጎማ ወይም ፕላስቲክ ሳይሸፈንበት ማንም በወንበሩ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ሥራው ሲያልቅ የባትሪውን ገመድ በቀጥታ ማሰር አያስፈልግም። በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል የ21 ዋት አምፖል ይገባል፤ ቁልፉና ማብሪያዎቹ ሁሉ ጠፍተው ሳለ አምፖሉ ደምቆ ከበራ አንድ መስመር ማሳ ነክቷል። ፊውዞቹን በየተራ እየነቀሉ አምፖሉ የሚጠፋበትን መፈለግ ነው፤ ሁሉም ተነቅለው አሁንም ከበራ ችግሩ ፊውዝ በሌላቸው መስመሮች ላይ ነው።