የግል መኪናን ማከራየት፤ ቁልፉን ከመስጠትዎ በፊት

ጉለሌ ውስጥ በየግቢው ሸራ ለብሰው የሚውሉ ላንድ ክሩዘሮችና ፒክአፖች ጥቂት አይደሉም፡፡ ባለቤቶቻቸው ለክፍለ ሀገር ጉዞና ለዓመት በዓል ካልሆነ አያወጧቸውም፡፡ የእኔም ከእነዚሁ አንዷ ናት፡፡ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ሲበዛ የአዲሱ ገበያ ደላሎች «ለሁለት ቀን ብቻ» እያሉ ይደውላሉ፡፡ ገንዘቡ አይጠላም፡፡ ነገር ግን ቁልፉ ከእጅ ሲወጣ ኃላፊነቱ ባለቤቱ ዘንድ እንደሚቀር ብዙ ሰው ልብ አይልም፡፡

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 እንደሚለው ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ ሳይፈቅድለት ሌላ ሰው ቢነዳው እንኳ፡፡ ነፃ የሚወጣው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው፡፡ ወደው ያከራዩት መኪና ደግሞ ተሰረቀ አይባልም፡፡ ተከራዩ ሱሉልታ መንገድ ላይ ሰው ቢገጭ የተጎጂው ቤተሰብ የሚፈልገው ሊብሬው ላይ ያለውን ስም ነው፡፡ በኋላ ተከራዩን መልሶ መጠየቅ ይቻላል፤ ካገኙት!

ኢንሹራንስ አለኝ ብለውም አይዘናጉ፡፡ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ጣሪያ አለው፤ ከዚያ የተረፈው ካሣ ወደ ባለቤቱ ሊመጣ ይችላል፡፡ ሙሉ ዋስትና የሚባለው ደግሞ መኪናው ለምን አገልግሎት እንደሚውል ውሉ ላይ ይጽፋል፡፡ «ለግል አገልግሎት» ተብሎ የተመዘገበ መኪና ተከራይቶ ሳለ ቢገለበጥ፣ ኩባንያው አልከፍልም ቢል አይፍረዱበት፡፡ አሜሪካ ውስጥ የመኝታ መኪናቸውን የሚያከራዩ ሰዎች እንኳ ለኪራዩ ቀናት የተለየ መድን ይገዛሉ፡፡

ሰሌዳውም ሌላው ጣጣ ነው፡፡ ለረጅም ዓመታት በኖርንበት አመዳደብ ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ ነው፡፡ በኮድ 2 ማከራየት መለመዱ ሕጋዊ አያደርገውም፡፡ ሥራዬ ብለው ከያዙት ንግድ ፈቃድ ያውጡ፣ ሰሌዳውን ያስቀይሩ፣ መድኑንም በዚያው ያስተካክሉ፡፡ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፡፡ አልፎ አልፎ የሚከራይ ንብረት ቢሆን ከግብር አያመልጥም፤ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ከጠቅላላ ኪራዩ 15 በመቶ ጥሎበታል፡፡

እኔ ያለ ሹፌር አልሰጥም፡፡ ሹፌሬ የእንጦጦን ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን የማይወርድ ሰው ነው፤ አበሉ፣ ማደሪያውና ነዳጁ በተከራይ፡፡ ዋናው ሊብሬ ቤት ይቀራል፡፡ መኪናን ከነሊብሬው ወስዶ ለሌላ ሰው በመያዣ የሚሰጥ ተከራይ ስላለ ይህን እንደ ቀልድ አይዩት፡፡ ውሉ አጭር ቢሆን ግድ የለም፤ የሚሄዱበት ቦታ፣ የመመለሻው ሰዓት፣ ኪሎ ሜትሩ፣ ስኮርታ ጎማውና ክሪኩ ሳይቀር ይጻፍበት፡፡ ርክክቡ በቀን ብርሃን ይሁን፤ ከስር ጎንበስ ብለው ዘይት አለማንጠባጠቡን ሳያዩ መያዣውን አይመልሱ፡፡