የስኮትላንድ ባላገርና የጥንቱ ቴሌቪዥን ትዝታ

ሰው ያለፈውን ዘመን መናፈቁ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። ነገር ግን የሚናፍቀው በእርግጥ የነበረውን ነውን? ወይስ ሲነገር የሰማውንና በሥዕል ያየውን ነው? ይህን ጥያቄ ለመመርመር አንድ ምሳሌ ልናቀርብ አስበናል። ከብሪታኒያ ደሴት በሰሜን በኩል በምትገኘው በስኮትላንድ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ስለ ልጅነታቸው ሲጫወቱ፣ የገጠሩን ኑሮና የባላገሩን ልማድ ያሳዩ የነበሩትን የጥንት የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ሳያነሡ አይቀሩም። የዚህ ናፍቆት ምንጭ ምን እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ ባጭሩ እንገልጻለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በመጀመሪያ ወደ መሬቱ ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ19ኛው መቶ ዓመት በስኮትላንድ ተራራማ አውራጃዎች የነበሩ ባለርስቶች፣ ከጭሰኛው ከሚያገኙት ግብር ይልቅ የበግ ጠጕር የሚያስገኘው ትርፍ በልጦ ስለ ታያቸው፣ ገበሬውን ከአባቶቹ ቀዬ እያስነሡ በግ አሰማሩበት። በሰዘርላንድ አውራጃ በስትራዝኔቨር ሸለቆ በ1814 እና በ1819 ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱ እንዲወጣ ተደረገ፤ ተመልሶም እንዳይገባ የቤቱ ጣራ በእሳት ተቃጠለ። የተነቀለው ሕዝብ ከፊሉ በባሕር ዳር በጠባብ መሬት ላይ ሠፈረ፤ ከፊሉ ወደ ካናዳና ወደ ሌላም የባሕር ማዶ አገር ተሰደደ፤ ከፊሉም ወደ ከተሞች ፋብሪካ ወረደ። በቦታው ለቀረው አነስተኛ ገበሬ ከይዞታው በዘፈቀደ እንዳይነቀል ሕግ የወጣለት በ1886 ነው። በ1951 ሕዝብ ሲቈጠር በግላዝጎ ከተማ ብቻ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ነዋሪ ነበረ። ከዚህም ሕዝብ መካከል አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ከተራራው ወይም ከደሴቶቹ የመጣበት ሰው ብዙ ነበረ።

ቴሌቪዥን የደረሰው ለዚህ ሕዝብ ነው። በ1952 ኪርክ ኦ ሾትስ በተባለው ከፍተኛ ስፍራ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ሥራውን ጀመረ፤ በ1957 ደግሞ የስኮትላንድ ቴሌቪዥን ኩባንያ ተጨመረ። በ1958 የብሪታኒያው ቢ.ቢ.ሲ. «ነጭ ሄዘር ክለብ» የተባለውን ዝግጅት ማሳየት ጀመረ። ሄዘር በስኮትላንድ ኰረብታ ላይ የሚበቅል ቍጥቋጦ ነው። በዝግጅቱ አንዲ ስቱዋርት ሲዘፍን፣ ጂሚ ሻንድ ከነጓደኞቹ አኮርዲዮን ሲጫወት፣ ወንዶች ኪልት የተባለውን ሽንሽን ጉርድ ታጥቀው፣ ሴቶችም ነጭ ቀሚስ ለብሰው ሲጨፍሩ ይታይ ነበር። ዝግጅቱ እስከ 1968 ቈየ፤ ለብዙ ቤተ ሰብም የዘወትር ደስታ ሆነ።

የዘፈኑን የአገር ልጅነት አንክድም። ነገር ግን ጭፈራው የሚቀርበው በስቱዲዮ ውስጥ ነበርና፣ በዚያ ጭቃ አልነበረም፤ ብርድና የቤት ኪራይም አልነበረም። ከከብቱ ጋር ዝናብ ሲመታው የሚውለው ገበሬ በዚያ መድረክ ላይ ቦታ አልተሰጠውም። ከፋብሪካ ደክሞት የገባው የከተማ ሰው አያቶቹ የተነቀሉበትን አገር በንጹሕ ልብስና በፈገግታ ተሞልቶ አየው። ለምን እንደ ተነቀሉ ግን ማንም አልነገረውም። እንግዲህ ዛሬ ያንን ዝግጅት የሚናፍቅ ሰው፣ አስቀድሞ በናፍቆት የተሠራውን ነገር ሁለተኛ መናፈቁ ነው።

የተሸሸገው ታሪክ በቴሌቪዥን የወጣበት ጊዜ ግን አልጠፋም። ጆን ማግራዝ የጻፈውና ስለ በጉ፣ ስለ አጋዘኑና ስለ ጥቁሩ ነዳጅ ዘይት የሚናገረው ቴአትር፣ በ1973 በተራራው አገር ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወረ በየአዳራሹ ታየ፤ በ1974ም ቢ.ቢ.ሲ. በቴሌቪዥን አሳየው። በጉ ገበሬውን እንዴት እንዳስነቀለ፣ ከበጉ በኋላም መሬቱ ለመኳንንት የአጋዘን ማደኛ እንዴት እንደ ሆነ ቴአትሩ በዘፈንና በቀልድ እያዋዛ ተረከው። ተመልካቹም በመንደሩ አዳራሽ ተቀምጦ ያየው የገዛ አያቶቹን ታሪክ ነበር።

ሦስተኛው ዓይነት ዝግጅት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ቶም ዌር የተባለው ሰው በ1914 በግላዝጎ ከተማ በስፕሪንግበርን ሠፈር ተወለደ። በወጣትነቱ በሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ሲሠራ ልቡ ሁልጊዜ ወደ ተራራ ነበር። በ1950 ወደ ሂማልያ ተራሮች ከሄዱት የስኮትላንድ ተራራ ወጪዎች አንዱ እርሱ ነው። በ1976፣ ዕድሜው ከ60 ካለፈ በኋላ፣ «የዌር መንገድ» የተባለውን ዝግጅት በስኮትላንድ ቴሌቪዥን ጀመረ። የሱፍ ቆቡን ደፍቶ፣ ባለ ኅብረ ቀለም ሹራቡን ለብሶ፣ በእግሩ እየተጓዘ የየስፍራውን ታሪክ ይናገር፣ ከአገሬውም ሰው ጋር ይጨዋወት ነበር። ቀደም ሲል የታዩት ዝግጅቶቹ ከብዙ ዓመት በኋላ በሌሊት እየተደገሙ ቢታዩ፣ ሲጀመር ያልተወለዱ ወጣቶች ጭምር ወደዱት። እርሱ በ2006 ዐረፈ፤ በ2014ም በሎሞንድ ሐይቅ ዳር በባልማሃ መንደር ሐውልት ቆመለት።

በዚያው በ1976 ቢ.ቢ.ሲ. የእረኞችንና የውሾቻቸውን ውድድር ማሳየት ጀመረ። እረኛው በአንድ ቦታ ቆሞ በፉጨትና በቃል ብቻ ውሻውን እያዘዘ፣ በሩቅ ያሉትን በጎች በተተከሉት በሮች መካከል አሳልፎ ወደ ጉረኖ ያስገባል። ከስኮትላንድ፣ ከእንግሊዝ፣ ከዌልስና ከአየርላንድ የመጡት ተወዳዳሪዎች የዕለት ሥራቸውን ከማሳየት በቀር ሌላ ነገር አልተጠየቁም። የሰው ናፍቆት በእንዲህ ያለው ዝግጅት ላይ ሲያርፍ ትክክለኛ ቦታውን አገኘ እንላለን፤ የሚታየው እውነተኛ ጥበብ ነውና።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚያሳዝን ነገር አለ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ ዝግጅቶች በቀጥታ ተላልፈው ሳይቀዱ ቀሩ፤ የተቀዱትም የቴፑ ዋጋ ውድ ስለ ነበረ ብዙዎቹ እየተሠረዙ ሌላ ተቀዳባቸው። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው የሚናፍቀውን ዝግጅት ቢፈልግ እንኳ አያገኘውም። በአንጻሩ ግን የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በ1951 የስኮትላንድን ባህል የሚያጠና ክፍል አቋቋመ። ካሉም ማክሊንና ሃሚሽ ሄንደርሰን የቴፕ መቅረጫ ተሸክመው ወደ ገጠር እየወጡ፣ የገበሬውንና የዘላኑን ዘፈንና ተረት ከባለቤቱ አፍ ቀዱ። ያ ድምፅ ዛሬም ይሰማል። ቴፕ ለአንዱ በጣም ውድ ሆኖ ተሠረዘ፤ ለሌላው ግን በላዩ ያለው ድምፅ ከቴፑ ይበልጥ ውድ ነበር።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለፊልምና ለቴፕም ይስማማል። ነገር ግን የሚወረሰው ነገር ምን ዓይነት እንደ ሆነ መለየት ያሻል። ሽማግሌዎቹ የሚናፍቁት ጭፈራ ደስታ ሰጥቷቸዋልና አንነቅፈውም፤ ሆኖም ስለ አያቶቻቸው አገር ምስክር አድርገው ሊቈጥሩት አይገባም። ምስክሩ እረኛው፣ ገበሬውና የተነቀለው ሰው ራሱ የተናገረው ነው። የቀድሞውን ዘመን ለልጆች የምናስተምር ሁሉ ሥዕሉን ከማሳየታችን በፊት፣ በሥዕሉ ውስጥ የሚናገረው ማን እንደ ሆነና ማን እንደ ጐደለ ብንጠይቅ፣ ናፍቆታችን ወደ ዕውቀት ይመራናል።